ባንኮክ ከእማዬ ጋር፦ 11 ቀን፣ ብዙ ሩዝ፣ አንድ ሙቀጫ

በ2017 ኅዳር መጨረሻ ላይ እማዬን ለምርመራ ይዣት ታይላንድ፣ ባንኮክ ሄጄ ነበር። የሆስፒታሉን ነገር እዚህ አላነሳም፣ እሱ የሷ ጉዳይ ነው፣ ውጤቱ ደህና ነው ተመስገን። ምርመራው በ3 ቀን አለቀና ውጤት እስኪደርስ 8 ቀን ሙሉ ከተማው ላይ ተለቀቅን፣ ይሄ ሪቪው ስለነዛ 8 ቀኖች ነው። ለህክምና የሚሄደው ሀበሻ ብዙ ነው፣ ለንግድ የሚሄደውም እንደዛው፣ ግን ሁሉም ተመልሶ ሲያወራ ወይ ስለ ዶክተሩ ነው ወይ ስለ ልብስ ዋጋ፣ ከተማው ራሱ እንዴት ነው ስትሉት "አሪፍ ነው፣ ሙቀቱ ግን..." ብሎ ያልፋችኋል። እኔ ደሞ ነገር ማብዛት ስለምወድ ትንሽ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ደረቅ ደረቁን ልጨርስ። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ አለ፣ ማታ ተሳፍራችሁ 9 ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ በርራችሁ በነሱ ከሰዓት በኋላ ትወርዳላችሁ፣ እኛን በ4 ሰዓት ይቀድማሉ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ ያችን ቢጫዋን፣ እንዳትረሱ። ኢሚግሬሽን ከመሰለፋችሁ በፊት የጤና ቁጥጥር የሚል ጠረጴዛ አለ፣ እዛ ሳታሳዩ ከሄዳችሁ ሰልፉን ጨርሳችሁ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ ይመልሷችኋል፣ ከኛ ፊት የነበረ አንድ ልጅ ያን ሁሉ ተሰልፎ ተመለሰ፣ አይኑን ማየት አልቻልኩም። የቪዛ ህጋቸው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር የሰው ወሬ አትስሙ፣ ኤምባሲያቸውን ጠይቁ። ያኔ አንድ ዶላር ወደ 34 ባት ነበር። ታክሲ ሜትሩ በ35 ባት ይጀምራል፣ ከኤርፖርት ለመነሳት 50 ይጨመርበታል፣ የፈጣን መንገዱን የሚከፍለውም ተሳፋሪው ነው፣ ሜትር አልከፍትም የሚል ካጋጠማችሁ ውረዱ፣ ከኋላው ሌላ አለ። ሻንጣ ካልበዛባችሁ ደሞ የኤርፖርት ባቡር አለ፣ እስከ መጨረሻው ጣቢያ፣ ፓያ ታይ፣ 45 ባት፣ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እሺ አሁን ወደ ከተማው። እነሱ ባንኮክ አይሉትም፣ ክሩንግ ቴፕ ነው የሚሉት፣ የመላእክት ከተማ እንደማለት ነው። ይሄን ስነግራት እማዬ "በይ እንግዲህ መላእክቱ ይጠብቁን" ብላ አማተበች። ወዲያው ሁለተኛ ቀን ደሞ የምርመራ ካርዷ ላይ የታተመውን ቀን መነጽሯን አድርጋ አየችውና "ምንድነው ይሄ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ስልሳ ሰባት ይላል፣ ተሳስተው ነው?" አለች። አልተሳሳቱም። የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው፣ በቡድሃ ነው የሚቆጥሩት፣ ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማል። እኛ ወደኋላ ቀርተን 2017፣ እነሱ ወደፊት ሄደው 2567፣ ፈረንጁ መሀል ላይ። በህይወቴ የኛን ካላንደር ስናገር "አሃ፣ እኛም አለን" ያለኝ የመጀመሪያው የውጭ ሰው የሆቴሉ ሪሴፕሽን ላይ የነበረችው ልጅ ናት፣ ሌላው ሁሉ ይስቃል።

በዛው ጨዋታ ሰዓትም ተነሳ። ማታ የምንበላበትን ሰዓት ስነግራት ለምጄ "1 ሰዓት" አልኩና ደንግጬ "ይቅርታ፣ 7" ብዬ አስተካከልኩ። ልጅቷ ሳቀችና እኛም ቤት ስናወራ 1 ነው የምንለው አለችኝ። ኧረ የምሬን ነው! በነሱ የቃል አቆጣጠር ፈረንጅ ማታ 7 የሚለው "ኑንግ ቱም" ነው፣ ኑንግ አንድ ማለት ነው፣ ቱም ደሞ የከበሮ ድምፅ ነው፣ ድሮ የማታ ሰዓት በከበሮ ይነገር ስለነበር። 8ቱ ሁለት ቱም፣ 9ኙ ሦስት ቱም እያለ እስከ አምስት ቱም ይሄዳል፣ ልክ እንደኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ማለት ነው። ቀኑን በሌላ አቆጣጠር ነው የሚሉት፣ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላም ይቀየራል፣ ግን ማታ ማታ እኛና ታይላንድ አንድ ሰዓት ላይ ነን። ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

ሰላምታቸውንም ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ ሁለት እጅ ገጥሞ ጎንበስ ማለት ነው፣ ዋይ ይሉታል። ችግሩ እማዬ እጅ መንሳት የምታውቅ ሰው ናት። ነርሷ ጎንበስ ስትል እማዬ የባሰ ጎንበስ ትላለች፣ ነርሷ ትልቅ ሰው ከኔ ዝቅ አለ ብላ ደንግጣ የበለጠ ዝቅ ትላለች፣ እማዬ እንደገና። ከሊፍት ሳንወጣ የሊፍቱ በር ሁለቴ ተዘግቶብናል።

ቤተ መቅደስ ዋት ነው የሚሉት፣ ዋት ፖ፣ ዋት አሩን፣ ዋት ምናምን። እማዬ "ሁሉም ነገራቸው ወጥ ነው እንዴ" አለች፣ በጾም ቀን።

የመጀመሪያውን ቀን ጉብኝት ግን አበላሽተነዋል፣ አምኜ ነው የምናገረው። ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ስንሄድ መንገድ ላይ አንድ ሸሚዙን የተኮሰ፣ ባጅ ነገር ያንጠለጠለ ሰውዬ አስቆመንና ዛሬ የቡድሃ በዓል ስለሆነ እስከ ከሰዓት ዝግ ነው፣ እስከዛ ይሄ ቱክቱክ በ20 ባት ብቻ ከተማውን ያዙራችሁ አለን። ይሄን ነገር ከመሄዴ በፊት አንብቤዋለሁ! አንብቤ፣ አውቄ፣ ገባሁ። ባጃጅ ለለመደ ሰው ቱክቱክ ሲያይ የሀገሩን ልጅ ያየ ነው የሚመስለው፣ እሱ ነው ያታለለኝ። ሹፌሩ ወስዶ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት አወረደን፣ ቀጥሎ አንድ የከበረ ድንጋይ ቤት። እዛ ነው ግን ያልጠበቁት ነገር የመጣባቸው፣ እማዬ ለ30 ዓመት ከመርካቶ ወርቅ ቤት ጋር ስትከራከር የኖረች ሴት ናት፣ ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዙራ አየች፣ ወደ አፏ አቀረበች፣ መልሳ ማስቀመጫው ላይ አስቀመጠችና በአማርኛ "ይሄን ለሞኝ ሽጥ ልጄ" ብላው ወጣች። ሻጩ አልገባውም ግን ገባው። ሹፌሩ ኮሚሽኑ ስለቀረበት አኩርፎ ፀሐይ ላይ ጥሎን ሄደ። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ቤተ መንግሥቱ መዘጋቱን የምታምኑት በሩ ጋ ቆማችሁ በሩ ሲዘጋ ስታዩ ብቻ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ራሱስ? መግቢያው 500 ባት ነው፣ ብዙ ነው። በፈረንጅ 1782 የአሁኑ ንጉሣዊ ቤተሰብ የመጀመሪያው ንጉሥ ከወንዙ ማዶ ተሻግሮ ከተማውን ሲመሠርት የተጀመረ ነው፣ ያኔ እኛ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበርን፣ ጎንደር ላይ ንጉሥ እየተሾመ እየተሻረ። አጭር ቁምጣና እጅጌ የሌለው ልብስ አያስገባም፣ ፈረንጆቹ በር ላይ ሱሪ ሲገዙ አየሁ። እማዬ በሐበሻ ቀሚሷና በነጠላዋ መጥታ ስለነበር ጥበቃዎቹ በአክብሮት መንገድ ለቀቁላት፣ እሷ ግን አልገባም አለች። "ቤተ መንግሥቱን ልይ ካልሽ እሺ፣ ጣዖቱ ጋ ግን አልሄድም" ነው ያለችው፣ አልተከራከርኩም፣ ጥላ ሥር ውሃ ገዝቼላት ብቻዬን ገባሁ። ይሄን የምጽፈው እናት አባታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ይሄ ነገር እንደሚመጣ እንድታውቁ ነው፣ ቲኬቱን ቀድማችሁ አትቁረጡ።

ውስጡ ወርቅ በወርቅ ነው፣ አይን ያማል፣ ሰዉም ያማል። ሁሉም የሚሰለፍለት የኤመራልድ ቡድሃ የሚሉት ሐውልት ከጄድ ድንጋይ የተሠራና ቁመቱ 66 ሳንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ከፍ ተደርጎ ስለተቀመጠ እንደ ትንሽ ነጥብ ነው የሚታየው። ደስ ያለኝ ግን ልብስ የሚቀየርለት መሆኑ ነው፣ በዓመት 3 ጊዜ፣ ለበጋ ለክረምት ለብርድ፣ የሚቀይርለት ደሞ ንጉሡ ነው። እኔ የሄድኩት በብርዱ ወቅት ስለሆነ የብርድ ልብሱን ለብሷል። ውጪ 31 ዲግሪ ነው። ብርዳቸው እሱ ነው እንግዲህ። አንዴ ማየት ያስፈልጋል፣ ጠዋት ሲከፈት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ፣ ከዛ በኋላ አስጎብኚ ባንዲራ ይዞ የሚመራው መንጋ ነው።

በነጋታው ዋት ፖ ሄድኩ፣ በእግር ቅርብ ነው፣ 300 ባት። የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ነው፣ ህንፃው ውስጥ በግድ የተጠቀጠቀ ነው የሚመስለው፣ ከጭንቅላቱ እስከ እግሩ ለመድረስ ትሄዳላችሁ። ከጀርባው በኩል 108 የነሐስ ገንቦ ተደርድሯል፣ ሰዉ ሳንቲም ዘርዝሮ በያንዳንዱ እየጣለ ያልፋል፣ ኪል ኪል ኪል የሚለው ድምፅ ቤቱን ሞልቶታል፣ ከሐውልቱ ይልቅ እሱ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። ጫማ አውልቃችሁ ነው የምትገቡት፣ ለኛ አዲስ አይደለም፣ ፈረንጆቹ ናቸው ካልሲያቸውን ይዘው ግራ የሚጋቡት።

ይሄ ዋት ፖ የማሳጅ ትምህርት ቤታቸውም ነው፣ ግድግዳው ላይ የሰውነት ስዕል፣ የነርቭ መስመር ምናምን ተቀርጿል፣ ማሳጃቸውን ደሞ በፈረንጅ 2019 ዩኔስኮ መዝግቦላቸዋል። እኔ ግን የታሸሁት ሆቴላችን አጠገብ ያለች ትንሽ ቤት ነው፣ 1 ሰዓት 300 ባት። ማሳጅ ሲባል ዘይትና ለስላሳ ሙዚቃ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል፣ ወጌሻ ነው ወጌሻ! በክርን ወገቤ ላይ ወጣችብኝ፣ እግሬን አጥፋ ደረቴ ላይ አደረሰችው፣ የሆነ ቦታ ላይ ጮኬያለሁ። ስነሳ ግን 10 ዓመት የቀነስኩ ነው የመሰለኝ። እማዬ ሰው አይነካኝም ብላ ስታበቃ በሦስተኛው ቀን እግሯን ብቻ እሺ አለችና እዛው ወንበሩ ላይ አንኮራፋች፣ ከዛ በኋላ በየማታው "የዛች ልጅ ቤት አንሄድም?" ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ ወንዙ። ቻዎ ፕራያ ይባላል። ከአስፋልቱ በላይ የሚሄደውን የሰማይ ባቡር ይዛችሁ ሳፓን ታክሲን የሚባለው ጣቢያ ስትወርዱ ከሥር የጀልባ ጣቢያው አለ። የቱሪስት ጀልባ እናሳፍራችሁ የሚሉ አሉ፣ እለፏቸው፣ ብርቱካንማ ባንዲራ ያለበትን ያዙ፣ ሰው ሥራ የሚሄድበት ነው፣ 16 ባት፣ የትም ውረዱ የትም። ቆመን፣ ከተማሪ ጋር፣ ከነዘንቢሉ ከገበያ ከሚመለስ ጋር፣ ለመነኩሴ ተብሎ የተተወ ቦታ ላይ ከተቀመጡ ብርቱካንማ ለባሽ መነኮሳት ጋር። አንደኛው መነኩሴ ስልኩ ላይ የሆነ ነገር እያየ ሲስቅ ነበር። በግራ ቤተ መቅደስ፣ በቀኝ 50 ፎቅ፣ መሀል ላይ አሸዋ የጫነ ጀልባ። ሰዎች ስለ ባንኮክ ሲያወሩ አሮጌውን ለብቻ አዲሱን ለብቻ አድርገው ነው የሚነግሯችሁ፣ ጠዋት ቤተ መቅደስ፣ ከሰዓት ሞል እያሉ። እዛ ጀልባ ላይ ስትቆሙ ነው እንደዛ እንዳልሆነ የሚገባችሁ፣ አሮጌው ተቀምጦ የሚጎበኝ ነገር አይደለም፣ ሰዉ እየተጠቀመበት ነው፣ ቲኬት ቆርጦ አጠገባችሁ ቆሟል።

ታ ቲየን የሚባለው የጀልባ ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ በ5 ባት ማዶ ስትሻገሩ ዋት አሩን ነው፣ የንጋት ቤተ መቅደስ። እማዬ ከውጪ ብቻ አየዋለሁ ብላ ከጀልባው ወርዳ ቀረብ አለች፣ ትንሽ አየች፣ ከዛ "ሲኒ ነው እኮ!" ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። ያ ከሩቅ የሚያብለጨልጨው ማማ በሙሉ ላዩ የተለበጠው በቻይና ሸክላ ስባሪ ነው፣ ድሮ የቻይና መርከቦች እንዳይገለበጡ ለክብደት ጭነውት የመጡት ሸክላ ነው ይላሉ። አበባውን ቅጠሉን ሁሉ በሰሃን ስባሪ ሠርተውታል። እማዬ ከቤቷ በ40 ዓመት የተሰበሩባትን ሲኒዎች ማስላት ጀመረች፣ "ጥዬው ነው እንጂ ቤተ ክርስቲያን ይወጣው ነበር" አለች። መግቢያው 200 ባት፣ እኔ ገብቼ ደረጃው ላይ ወጣሁ፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ጉልበት የሚያማችሁ አትሞክሩት። ከሁሉም ቤተ መቅደስ አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ይሄ ነው።

ሌላ ጀልባም አለ፣ የቦዩ፣ ክሎንግ ሴን ሴፕ። በፈረንጅ 1830ዎቹ መቆፈር የተጀመረ ቦይ ነው፣ ዛሬ ትራፊክ ለማምለጥ የሚያገለግል። ይሄኛው ለሁሉም ሰው አይደለም፣ ውሃው ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ ጀልባው ይከንፋል፣ እንዳይረጫችሁ ጎን ላይ የተንጠለጠለውን ሸራ በገመድ ጎትታችሁ ራሳችሁ ታነሱታላችሁ፣ ድልድይ ሲመጣ ጣሪያው ዝቅ ይላል። ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ ደሞ ሄልሜት አድርጋ በጀልባው ጠርዝ ላይ፣ በውጪ በኩል፣ ተንጠልጥላ ነው የምትሄደው። ወያላ ናት ባጭሩ! እንደሷ አይነት ወያላ ግን መገናኛም አላየሁ። እማዬን አንዴ ብቻ ነው ያሳፈርኳት፣ ስንወርድ "ለምርመራ አመጣሽኝ ወይስ ለመግደል" አለችኝ።

ባቡሩ አሪፍ ነው፣ ብዙ አላወራም። የሰማዩ ቢቲኤስ ከፈረንጅ 1999 ጀምሮ አለ፣ የምድር ውስጡ ከ2004፣ ንፁህ፣ ቀዝቃዛ፣ በሰዓቱ የሚመጣ፣ ሥር ባለው አስፋልት መኪናው ቆሞ እያያችሁ ላዩ ላይ ታልፋላችሁ። ቅሬታዬ አንድ ነው፣ የሁለቱ ቲኬት አይናበብም፣ ከአንዱ ወጥታችሁ ሌላው ጋ እንደገና መቁረጥ ነው፣ ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ ይዘው ይሄን እንዴት አቃታቸው። ሳናም ቻይ የሚባለው የምድር ውስጥ ጣቢያ ግን ባትሳፈሩም ግቡና እዩት፣ አምዱና ጣሪያው እንደ ዙፋን ቤት ነው የተሠራው፣ ለሜትሮ ጣቢያ!

እዛው ባቡር ጣቢያ ነው የደነገጥነው። ማታ 12 ሰዓት ሲል፣ ሰዉ ሲሯሯጥ የነበረው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። አንዱ እግሩን አንስቶ እንደነበር፣ ስልክ የሚያወራው ስልኩን አውርዶ። እማዬ የሆነ አደጋ መስሏት ክንዴን ጨመቀችው። ብሔራዊ መዝሙራቸው ነው፣ በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ይሰማል፣ ጣቢያ ውስጥም መናፈሻ ውስጥም ያለ ሰው ቆሞ ይሰማል፣ ሲያልቅ ምንም እንዳልተፈጠረ ሩጫው ይቀጥላል። እማዬ እስኪያልቅ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ከዛ "እኛም እኮ ድሮ ባንዲራ ሲወርድ ባለንበት እንቆም ነበር፣ መኪናውም ይቆም ነበር" አለች፣ ከዛ እስከ ሆቴል ድረስ ዝም አለች።

በየቤቱ፣ በየሆቴሉ፣ በየባንኩ ደጃፍ ትንሽዬ የአሻንጉሊት ቤት የመሰለች በምሰሶ ላይ የቆመች ነገር ታያላችሁ። የቦታው መንፈስ ቤት ናት። ጠዋት ጠዋት አበባ፣ እጣን፣ ሩዝ፣ እና ቀይ ፋንታ ይቀርብላታል፣ ከነስትሮው፣ ክዳኑ ተከፍቶ። ለምን ቀይ እንደሆነ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የነገረኝ። እማዬ አንዴ አይታ "ይሄማ አድባር ነው" ብላ ፊቷን አዞረች፣ በሆዷ ግን አያቷን ያስታወሰች መሰለኝ። ትልቁን ማየት ከፈለጋችሁ ኤራዋን ሂዱ፣ በከተማው ትልልቅ ሞሎች መሀል መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ሆቴል ሲሠራ አደጋ ስለበዛ በፈረንጅ 1956 ያቆሙት ነው፣ ባቡሩ በላዩ ያልፋል፣ ሥሩ ዳንሰኞች ስዕለት ለሰመረለት ሰው ይጨፍራሉ፣ ከጎኑ የቅንጡ ቦርሳ ሱቅ። የስዕለት ነገር ለኛ ማን ያስረዳናል።

ምግብ። እዚህ ጋ በዝግታ ልሂድ ምክንያቱም ጾም ላይ ነበርን፣ የነቢያት ጾም፣ እማዬ ደሞ ዓሣም አትነካም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን በሙዝና በነጭ ሩዝ ነው ያሳለፈችው፣ አትክልት ብላችሁ ስታዙ እንኳን ናም ፕላ የሚሉት የዓሣ ስጎ ይገባበታል፣ ሽታው ያስታውቃል። ያዳነችን ያቺው የሪሴፕሽን ልጅ ናት፣ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈች 17 ቁጥር የምትመስል ፊደል ፈልጉ አለችን። ጄ ትባላለች። ጄ ማለት ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ ዓሣ የለ፣ ኧረ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም የለ! እማዬ ይሄን ስትሰማ በጣም ነው የተደነቀችው፣ "ከኛ የባሱ ጿሚዎች ናቸው" አለች። ከዛ በኋላ መንገድ ላይ ስንሄድ እሷ ናት ቀድማ የምታየው፣ "ያቻት 17!" እያለች። ጾመኛ ከሆናችሁ ከዚህ ሪቪው ሌላውን ሁሉ እርሱትና ይቺን ብቻ ያዙ። ሙስሊም ወገኖች ደሞ ሱኩምቪት ናና አካባቢ ሂዱ፣ የአረብ ሰፈር አለ፣ ሐላል ምግብ እንደልብ ነው፣ የሀበሻ ምግብ ቤትም እዛው አካባቢ ታገኛላችሁ፣ እንጀራ ከናፈቃችሁ።

ከሁሉ የወደድነው ሶም ታም ነው፣ ያልበሰለ ፓፓያ ተልጎ በሙቀጫ የሚወቀጥ ሰላጣ። ጋሪ ላይ የምትሸጠው ሴትዮ ያለ ዓሣ ስጎ ሠራችልን፣ ረዥም የሸክላ ሙቀጫ፣ የእንጨት ዘነዘና፣ ጠብ ጠብ ጠብ፣ ቃሪያው፣ ሎሚው፣ ኦቾሎኒው። እማዬ ከምግቡ ይልቅ አወቃቀጧን ነበር የምታየው። ቃሪያ ስንት ልጨምር ስትለኝ፣ እኔ ሚጥሚጣ የለመድኩ ሰው ነኝ ብዬ በጣቴ 5 አሳየኋት። አይ እኔ! ያቺ ትንሽዬ ቃሪያ ናት፣ የአይጥ ምናምን ይሏታል በስሟ፣ እንባዬ ወረደ፣ ጆሮዬ ጢስ አለ፣ ሴትዮዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ስኳር ሰጠችኝ። እማዬ በ1 ቃሪያ በልታ "ይሄማ ዳጣ ነው" ብላ ጨረሰችው። ከላዩ ማንጎ በጣፋጭ ሩዝ ብሉበት፣ የኮኮናት ወተት ስለሆነ ለጾም ይሆናል።

ማታ ያዎራት ሄድን፣ የቻይናዎቹ ሰፈር፣ ቀይ መብራት፣ ወርቅ ቤት በወርቅ ቤት፣ መንገዱ መሀል ላይ መጥበሻ። እዛው ዳር ዋት ትራይሚት ውስጥ 5 ቶን ተኩል የሚመዝን የወርቅ ቡድሃ አለ። ታሪኩን ስነግራት እማዬም ጠጋ ብላ ሰማች፦ ለብዙ ዘመን በኖራ ተለብጦ ተራ ሐውልት መስሎ ኖሮ በፈረንጅ 1955 ሲያዛውሩት ወድቆ ኖራው ሲፈነከት ነው ወርቁ የታየው። "ደብቀውት ሞቱ ማለት ነው፣ የሚያውቁት" አለች።

ገበያ፦ ፕራቱናም ላይ ፕላቲነም ሞል አለ፣ 3 ከገዛችሁ በጅምላ ዋጋ ነው፣ ሊፍት ውስጥ አማርኛ ሰማሁ፣ ሁለት ሴቶች ስለ ኪሎ ሲጨቃጨቁ፣ ሰላም ብያቸው የትኛው ፎቅ እንደሚረክስ ነገሩኝ፣ ባርኳቸው። 4 ቀሚስ ገዛሁ። ቻቱቻክ ደሞ ዋናው ቀኑ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ ብዙ ሺህ ሱቅ ነው፣ መርካቶን የሚያውቅ አይጠፋም ብዬ ገብቼ ጠፋሁ። በጠዋት ግቡ፣ 5 ሰዓት ካለፈ ሙቀቱ አያስቆምም። አይኮንሳያም የሚባለው ወንዝ ዳር ያለው ሞል ምድር ቤቱ ላይ የውሃ ላይ ገበያ ሠርተዋል፣ ቤት ውስጥ፣ ኤሲ ያለው፣ ጀልባው የማይንቀሳቀስ። እኔ የውሸት ነው ብዬ አፍንጫዬን ነፋሁ፣ እማዬ ከ11 ቀኑ ሁሉ የወደደችው እሱን ነው፣ "ፀሐይ የለ፣ ሽታ የለ፣ ምን አጥቼ" አለች፣ ሁለቴ ሄድን። ስለዚህ የኔን አስተያየት በዚህ ላይ አትስሙ።

ሉምፒኒ መናፈሻ ነፃ ነው፣ ጠዋት ሂዱ፣ ሽማግሌዎቹ ስፖርት ሲሠሩ ደስ ይላል፣ ሐይቁ ዳር ግን የሰው ቁመት የሚያህሉ አርጃኖዎች እንደ ድመት ይንሸራሸራሉ፣ አብሯችሁ ላለው ሰው ቀድማችሁ ንገሩት፣ እኔ ለእማዬ አልነገርኳትም ነበር፣ "አዞ!" ብላ የጮኸችው እስካሁን ይሰማኛል። ሰዎቹ ዞር ብለውም አላዩ።

የመጨረሻው ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሆቴሉ በር ቆመን ታክሲ ስንጠብቅ መነኮሳቱ መጡ፣ በባዶ እግር፣ ሳህናቸውን ታቅፈው፣ ዝም ብለው በሰልፍ። የቡና ጋሪ ያላት ሴት ጫማዋን አውልቃ ተንበረከከችና በፌስታል የታሰረ ሩዝ አስቀመጠችላቸው። እማዬ "የቆሎ ተማሪ" አለች በቀስታ። አኩፋዳና ደበሎ የለም እንጂ፣ ጠዋት በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" የሚሉት ልጆች ናቸው፣ እሷ ባደገችበት ሀገር። ምንም አልሰጠችም፣ ግን ነጠላዋን አስተካክላ እስኪያልፉ ቆመች።

ኤርፖርት ላይ ሻንጣችን ከልኩ በ8 ኪሎ በለጠ። እኔ አላመንኩም፣ ከፈትኩት። ሥሩ ላይ በፎጣ ተጠቅልሎ እኔ ቻቱቻክ ጠፍቼ በነበረበት ሰዓት እማዬ የገዛችው የድንጋይ ሙቀጫ ከነዘነዘናው። ክፍያውን ከምትከፍይ ቀሚሶቹን አውጪ አለችኝ፣ በሰው ፊት ጎንበስ ብዬ 4ቱንም አወጣኋቸው፣ 2ቱን ለበስኳቸው በላይ በላዩ፣ 2ቱን በእጄ ያዝኩ፣ ከፓስፖርቱ ጋር፣ እንደዛ ሆኜ ነው አዲስ አበባ የገባሁት። አሁን ዳጣ የሚወቀጠው በሱ ነው፣ የድሮው ሙቀጫችን በረንዳ ላይ አበባ ተተክሎበታል።